ቅርፊቱን ተውላት

አርባ ዓመት እንጨት ላግሁ፣ አርባ ዓመት አለሰለስሁ፤
የሙሽራ አልጋ ሠራሁ፣ የሬሳ ሣጥን ገጠምሁ።
በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ቫርኒሽ ደርቤ ቀብቼ
“ፊትህን እይበት” እላለሁ፣ ለገዢው ከደጅ አውጥቼ።

ቀሃን ተሻግረው ሲወጡ፣ ቆርቆሮ ቤት ናት ሱቄ፤
ሁለት ጣት መጋዝ ወስዶብኝ፣ በሦስቱ ስኖር ታርቄ፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መላጊያ ይዤ ቆሜ ሳለሁ
የልጄን ልጅ አንጓችን፣ ካርቶን እንዳቀፈች አየሁ።

“ክፈተው አባባ፣ ቀስ በል።” ከፈትሁት። እስስት ነበረች።
የሠፈር ልጆች በድንጋይ ጎኗን መተዋት፣ ጠቁራለች፤
አንድ ዓይኗ እኔን ያየኛል፣ አንዱ ጣራውን ይቃኛል፣
እግሯ የካርቶኑን ጠርዝ ቆንጥጦ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ አበዙ ከደጃፍ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ
“ጣሏት!” ትላለች፣ “አትታመንም፣ ቀለም በዱቤ የምትገዛ!”
እኔ ግን በኖርሁት ዘመን ስንቱን አየሁት ሲለወጥ
ቅርንጫፍ እንኳ ሳይጨብጥ።

“መወጣጫ ሥራላት አባባ፤ እስክትድን ልጠብቃት።”
እንጨትማ የእኔ ነው ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ መጣሁባት።
“የጥድ ፍልጥ አለኝ” አልኋት። “ሙጫው ከእግሯ ይጣበቃል።”
“ቅንጭቡን ካጥሩ ልቁረጥ?” “ወተቱ ዓይኗን ያጠፋል።”
“ባሕር ዛፍ?” “ሽታው ያፍናታል።” “አጋምስ?” “እሾሁ!” ዝም አልሁ፤
ባሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ዛፍን ከሀሁ ጀመርሁ።

ዓርብ በጠዋት ወጣን፣ በቁስቋም አቀበት፣ በእግር፤
የደብሩ ወይራ ይቅር፤ የእመቤቴ ነው፣ አይደፈር።
የመንገድ ዳሩን አለፍነው፤ የባጃጅ ጭስ ጠጥቷል፤
የሽንኩርት ማሳ ጥጉንም፤ ፀረ ተባይ ጤዛው ሆኗል።
ከጅረቱ ማዶ ግን ዋንዛ፣ የግንቦት ነፋስ የገነደሰው፣
እጁን ዘርግቶ ተኝቷል፣ ቅጠሉ ገና ያልረገፈው።

ዋንዛን በጣውላው ነው የማውቀው፤ በሜትር ነው፣ በብር ነው።
እሷ ግን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ጨብጣ ለቅቃ ለካችው፤
“አንዱ እንደ ትንሽ ጣት ይሁን” ብላ እጄን አየችና
“እንደ ግራህ” አለች ፈጥና፤ የቀኙ ጣት የለምና።

ቅዳሜ ውኃ አፈላን፤ በብሩሽ ፈተግን፣ አጠብን፤
ጉንዳን ወጣ፣ ሸረሪት ወጣች፣ የዛፍ ሽበት አራገፍን፤
ሦስት ቀን በቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ አበደርን።

አራተኛው ቀን ደረቀ። እጄ በልማዱ ሄደ፣
የብርጭቆ ወረቀት አነሣ፣ ቅርፊቱን ሊፍቅ ወረደ።
“አባባ!” አለች ደንግጣ፣ “ቅርፊቱን ተውላት! ትወድቃለች፤
አንተ ያለሰለስኸው ላይ፣ እሷ በምን ትቆማለች?”

አርባ ዓመት። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወረቀቱን አስቀመጥሁ። ስል ጫፉን በጉንጬ ዳሰስሁና
እሱን ብቻ በቢላ ቆረጥሁ፤ ሌላው ይቆይ እንዳለ፣
አንጓ ለአንጓች ስሟ ነውና።

ስንት ሣጥን ገጥሜያለሁ! እስትንፋስ የሚሻ ይህ ብቻ፤
ወንፊት ሽቦ ከዳር እዳር፣ ለውኃዋም ቅጠል ለብቻ።
አንዱን በአግድም አሰርን፣ አንዱን ሰያፍ ወደ ብርሃን።

እስስቷ አንድ እግር ሰደደች፣ አመነታች፣ ተወዛወዘች፣
ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፤ ከዚያ ጨበጠች።
ጎንበስ ብዬ እግሯን ባየው፣ ሦስት ጣት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ፤
“የጠፉት ጣቶችህ!” አለች አንጓች፣ “ይኸው፣ እዚያ!”

እትዬ አበዙ በማግስቱ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ
አንበጣ በክብሪት ቀፎ ሰጠችኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አውርታ።

ማክሰኞ ደንበኛ መጣ፤ በር አለኝ፣ አብለጭላጭ ይሁን።
“እጅ የሚይዝበት ጋ” አልሁት፣
“ሻካራ ብተወውስ ጥቂቱን?”